የኪራይ ዋጋና የጥገና ወጪ፤ ከአዲስ አበባ መኖሪያ ቤቶች ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ቤት የሚያከራይና የሚከራይ ሁለት ሰዎች ሲደራደሩ ክርክራቸው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቁጥር ላይ ያርፋል፤ ይኸውም በየወሩ በሚከፈለው ገንዘብ ላይ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ማን እንደሚደፍነው፣ ቋሚው ሲበሰብስ ማን እንደሚለውጠው ግን ሳይነገር ይቀራል። የዋና ከተማችንን የኪራይ ቤቶች ታሪክ ለተመለከተ፣ የቤቱን ዕድሜ የወሰነው ከተነገረው ዋጋ ይልቅ ይህ ሳይነገር የቀረው ወጪ መሆኑ ግልጽ ይሆንለታል።

ከ1967 ዓ.ም. በፊት በአዲስ አበባ ከነበሩት የኪራይ ቤቶች ብዙዎቹ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። ባህር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ለቋሚ፣ ለማገርና ለወራጅ የሚሆን እንጨት በቅርብ ይገኝ ነበር። ስለሆነም አከራዩ ጭቃውን ከጭድ ጋር አስቦክቶ፣ ጣሪያውን ቆርቆሮ አልብሶ፣ ክፍሎቹንም በጋራ ግድግዳ አያይዞ በአነስተኛ ወጪ ያሠራ ነበር። ዋጋው በደላላ አማካይነት ወይም ፊት ለፊት በሚደረግ ክርክር ይቆረጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ሲደነግግ የአከራዩን ጥገናና የተከራዩን ጥገና ለይቶ አስቀምጦ ነበር፤ ይሁን እንጂ በቃል ብቻ በተቋጨ ስምምነት ይህን ልዩነት የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ከምሕንድስና አንጻር የጭቃ ቤት በራሱ ደካማ ሥራ ነው ለማለት አይቻልም። ከድንጋይ መሠረት በላይ ከተሠራ፣ የጣሪያው ክፈፍ ዝናቡን ከግድግዳው ካራቀለትና ልስኑ በየጊዜው ከታደሰለት ረዥም ዘመን ያገለግላል። ዋናው ጠላቱ ውሃ ነው። በሚስማር ቀዳዳ የገባው ጠብታ በመጀመሪያ ማገሩን ያረጥባል፤ ቀጥሎ ጭቃው ይፈርሳል፤ በመጨረሻም ቋሚው ከሥሩ ይበሰብሳል። መጀመሪያ ጥቂት ሚስማርና የአንድ ቀን የእጅ ሥራ ይበቃ የነበረው ጉዳት በመጨረሻ ግድግዳውን በሙሉ ማስነሣትን ይጠይቃል። አበው «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ያሉት ለቤትም ይሠራል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የዋጋ ድርድሩንም አብሮ አስቀረ። ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ከፍተኛውን ቅናሽ ያገኙትም አነስተኛ ኪራይ የሚከፍሉት ነበሩ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ለብዙ ቤተሰብ ይህ እውነተኛ እፎይታ ነበር። ይሁን እንጂ የተቀነሰው ኪራይ ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ሲቆይ የእንጨት፣ የቆርቆሮና የእጅ ሥራ ዋጋ ግን በየጊዜው ከፍ አለ። ለምሳሌ የ40 ብር ኪራይ በግማሽ ሲቀነስ 20 ብር ይሆናል፤ በዓመት የሚሰበሰበው 240 ብር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ በዛሬው ገበያ አንድ ቆርቆሮ እንኳ አይገዛም። ገቢው ከወጪው በታች ሲሆን ጥገናው ቆመ፤ ጥገናው ሲቆም ቤቱ አረጀ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያደገው ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር እናታችን በአልጋውና በግድግዳው መካከል ሳፋ ትደረድር ነበር። አባታችን በየዓመቱ ማመልከቻ ቢያስገባም የሚሰጠው መልስ በጀት የለም የሚል ነበር። በመጨረሻ ከደመወዙ ቆጥቦ ሦስት ቆርቆሮ ለወጠ። ግን ዘግይቶ ነበር፤ በቀጣዩ ክረምት የጓዳው ግድግዳ ከሥሩ ተነቅሎ ወደ ውጭ ወደቀ። ማንም አልተጎዳም፤ ኪራያችን ርካሽ ነው እያልን ስንመካ የኖርንበት ሒሳብ ግን ጎዶሎ እንደነበረ የገባኝ ያን ቀን ነው። ያልከፈልነው ዕዳ በግድግዳው ውስጥ ሲጠራቀም ኖሯል።

ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜም እንዲጸና፣ የኪራይ ጭማሪም በሥርዓት እንዲወሰን ደንግጓል። ዋጋው ልጓም ሲበጅለት ተከራዩ ይረጋጋል፤ አከራዩ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆጥበው የጥገናውን ገንዘብ እንዳይሆን ያሠጋል።

ስለዚህ ምክር የሚጠየቅ የሙያ ባልደረባችን ሁሉ ተደራዳሪዎቹ ስለ ኪራዩ ከመነጋገራቸው በፊት ጣሪያውን፣ አሸንዳውን፣ መሠረቱንና ቧንቧውን መርምሮ የዓመቱን የጥገና ወጪ ያስላላቸው። የትኛው በማን እንደሚሠራም በውሉ ላይ ይጻፍ። ሁለቱ ወገኖች ይህን ካወቁ በኋላ የሚቆርጡት ዋጋ፣ ከፍም ይበል ዝቅ፣ ቤቱ ሊሸከመው የሚችል ዋጋ ይሆናል።