ዘማቹ ምን በልቶ አደረ?

ስለ መስቀል ጦርነቶች ባስተማርኩ ቁጥር ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ ማን እንዳሸነፈ ነው። ዘማቹ ምን በልቶ እንዳደረ፣ በምን ሕመም እንደሞተ የሚጠይቀኝ ከስንት አንድ ነው። ጦርነት ምን እንደሆነ የሚነግረን ግን ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ይመስለኛል።

ምስክሬ የሻምፓኙ ባላባት ዣን ደ ዡዋንቪል ነው። እ.ኤ.አ. በ1248 የፈረንሳዩን ንጉሥ ሉዊ 9ኛን ተከትሎ ሲዘምት በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። ከመነሣቱ በፊት ሰዎቹን ሰብስቦ «የበደልኩት ካለ ልካስ» አለ፤ ለስንቁም አብዛኛውን መሬቱን በመያዣ ሰጠ። ሲወጣ፣ ትቷቸው ለሚሄደው ሁለት ልጆቹ ልቡ እንዳይባባ ወደ ኋላ አልተመለከተም።

ሠራዊቱ በ1249 ዳሚየታን በቀላሉ ያዘ። በ1250 ግን ማንሱራ አጠገብ፣ ከእኛ ደጋ በሚወርደው በዓባይ ቅርንጫፍ ዳር ተገታ። በዐቢይ ጾም የሚበላው ዓሣ በወንዙ የተንሳፈፈውን ሬሳ የሚመገብ ነበር። የዘማቹ ድድ በሰበሰ፤ ፀጉር ቆራጮች የሞተውን ሥጋ ካልቆረጡለት ማኘክም መዋጥም አይችልም። ጩኸቱ ምጥ እንደያዛት ሴት ነበር ይለናል ዡዋንቪል። እርሱ ዓሣውን ቢወቅስም፣ ምልክቶቹ ዛሬ የቪታሚን ሲ እጥረት ከሚያመጣው በሽታ ጋር ይገጥማሉ። ንጉሡም በተቅማጥ ከመጎዳቱ የተነሣ የውስጥ ሱሪው ከታች መቀደድ ነበረበት።

በሚያዝያ ሁሉም ተማረኩ። ለሠራዊቱ ቤዛ 400,000 ሊቭር ተቆረጠ፤ ግማሹም ወዲያው ተከፈለ። ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ግን ቤዛው ሳይደርስላቸው ተገድለው ወንዝ ተጣሉ።

ከዓመታት በኋላ ሉዊ እንደገና መስቀል አንሥቶ ዡዋንቪልን ጠራው። ዡዋንቪል እምቢ አለ። ባሕር ማዶ ሳለሁ የንጉሥ ሹማምንት ሕዝቤን አደኸዩት፤ እግዚአብሔርን ማስደሰት ከፈለግሁ እዚሁ ቀርቼ ሰዎቼን መጠበቅ ይገባኛል አለ። ንጉሡ ያለ እርሱ ዘምቶ በ1270 ቱኒስ ላይ በሕመም ሞተ።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ሰው ፈሪ አልነበረም። ንጉሡንም እንደ ቅዱስ ያከብር ነበር፤ ታሪኩን የጻፈውም ለዚሁ ነው። ያንን ድድ ያየ ሰው ግን ነጋሪት ሲጎሰም አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እኛ ስንሄድ እቤት የቀረውን ማን ይጠብቀዋል?