የላፕቶፕ ቁልፍ ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳውን ለኩ

ቤት መብራት ጠፍቷል፣ ባትሪውም እያለቀ ነው። ከለገጣፎ ታክሲ ይዛችሁ መገናኛ ወረዳችሁ፣ ጄኔሬተርና ዋይፋይ ያለው የጋራ መሥሪያ ቦታ ገብታችሁ ሥራ ጀመራችሁ። ስልክ ተደወለ። ሰው እንዳትረብሹ ውጪ ወጥታችሁ አወራችሁ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ። ስትመለሱ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ቻርጀሩ ነው።

በኮምፒውተር ለሚሠራ ወጣት ላፕቶፕ ማለት ቢሮም ደሞዝም ነው። ከጠፋ በኋላ መሯሯጥ ደግሞ ያው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ የኬብል ቁልፍ አለ። የብረት ገመድ ነው፤ አንዱ ጫፍ ላፕቶፑ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል፣ ሌላው ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ይታሰራል። ችግሩ፣ ሁሉም ቁልፍ ለሁሉም ላፕቶፕ አይሆንም።

📌 1. መጀመሪያ ቀዳዳውን ፈልጉ
የላፕቶፑን የግራ፣ የቀኝና የኋላ ጠርዝ እዩ። ብዙ ጊዜ አጠገቡ ትንሽ የጓጉንቸር ምልክት አለው። በማስመሪያ ለኩት፦
• 7 በ3 ሚሊ ሜትር ከሆነ የተለመደው የኬንሲንግተን ቀዳዳ ነው። ብዙ ቆየት ያሉ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ ይገኛል።
• 6 በ2.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ናኖ ይባላል። ቀጫጭን ለሆኑ አዳዲስ ላፕቶፖች የመጣ ነው።
• 4.5 በ3.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዌጅ ነው። በተለይ ብዙ ዴል ላቲቲዩዶች ላይ ታገኙታላችሁ።
ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የአንዱ ቁልፍ ለሌላው አይሆንም፤ ወይ አይገባም፣ ወይ ገብቶ ይላላል። ስለዚህ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። እዚያው ቆልፉና ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት።

📌 2. ቀዳዳ ከሌለውስ?
ማክቡክ ኤር ለምሳሌ ቀዳዳ የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ላፕቶፕ በጠንካራ ማጣበቂያ የሚለጠፍ የብረት ማሰሪያ አለ። ስትለጥፉት የአየር መውጫውን እንዳትደፍኑ። ማጣበቂያው በደንብ ሳይደርቅም አትመኑት።

📌 3. በቁልፍ ወይስ በኮድ?
የኮድ ከመረጣችሁ ከፋብሪካ የመጣውን 0000 ወዲያው ቀይሩ። ስትከፍቱም ቁጥሩን በእጃችሁ ከልሉ። የቁልፍ ከሆነ መለዋወጫውን ቤት አስቀምጡ፤ ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ግን ምን ዋጋ አለው? ክብ ቁልፍ ያላቸውን ርካሽ ዓይነቶችም ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ክብ ቁልፍ ያላቸው የታወቁ የብስክሌት ቁልፎች በቢክ እስክሪብቶ ቀፎ ሲከፈቱ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ አምራቹ ቁልፎቹን ለመቀየር ተገዷል።

📌 4. የት ነው የምታስሩት?
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ገመዱን የጠረጴዛ እግር ላይ ብታጠልቁት፣ ሌባው ጠረጴዛውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ያወጣዋል። በሁለት እግሮች መካከል ያለ አግዳሚ ብረት ወይም ግድግዳ ላይ የተገጠመ ነገር ፈልጉ። ወንበርማ ጭራሽ አይሆንም፤ ከነወንበሩ ይሄዳል።

📌 5. ቁልፉ የማይችለው
መቁረጫ ይዞ የመጣ ሰው ገመዱን ይቆርጠዋል። ቁልፉ የሚያቆመው አጋጣሚ አይቶ፣ አንስቶ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ የሚሄደውን ነው። ስለዚህ ለቡና አንድ ሰዓት ትታችሁት አትሂዱ፣ ማታም እዚያው አታሳድሩት። ፋይላችሁንም አይጠብቅም፤ ስክሪኑን በፓስዎርድ ዝጉ፣ ሥራችሁን ሌላ ቦታ ላይ ኮፒ አድርጉ።

አሁኑኑ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ። ላፕቶፑን ገልብጡና ሲሪያል ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የገዛችሁበትን ደረሰኝም ጨምሩ። ሁለቱንም ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩ። ከተሰረቀ ፖሊስ ጋ ስትሄዱ «ጥቁር ዴል ነበር» ማለት ብቻውን የትም አያደርሳችሁም፤ ንብረቱ የእናንተ መሆኑን የሚያሳየው ያ ቁጥር ነው። ስርቆት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል፤ ግን መጀመሪያ ዕቃው መገኘት፣ የማን እንደሆነም መታወቅ አለበት።

ሁልጊዜ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ትቶ የሚወጣ ጓደኛ አላችሁ አይደል? ይህን ላኩለት።