የጎደለው ሰባት እጅ



መዝገብ ለሚይዝ ሰው፣ በአዲስ አበባ ይሁን በግልገል በለስ፣ የማይገጥም ሒሳብን የሚያህል ጭንቀት የለበትም። ጉድለት ባየ ጊዜ አንዱ አለባብሶ ያልፋል፤ ሌላው ግን የጎደለው እስኪገኝ ድረስ ዕረፍት የለውም። በኬሚስትሪ ታሪክ የሁለተኛውን ወገን ሥራ እነሆ እንመልከት።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በጀርመን አገር፣ በፍራይበርግ አጠገብ ካለ የብር ማዕድን ጉድጓድ ያልታወቀ ድንጋይ ተገኘ። ኬሚስቱ ክሌመንስ ቪንክለር ድንጋዩን ከፋፍሎ ቢመዝነው፣ ብሩም ድኙም ሌላውም ተደምሮ ከመቶ 93 እጅ ያህል ብቻ ሆነ። ምርመራውን ቢደጋግመውም 7 እጅ እንደ ጎደለ ቀረ። ከብዙ ድካም በኋላ በ1886 የጎደለውን አዲስ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣና በአገሩ ስም ጀርማንየም አለው።

የመስኮቡ ሊቅ ዲሚትሪ ሜንዴሌየቭ ግን በ1871፣ ማንም ሳያየው፣ በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ቦታ ትቶለት ጠባዩንም ጽፎ ነበር። የሲሊኮን ወገን ስለሆነ፣ ከኤቲል ጋር ሲዋሐድ በ160 ዲግሪ የሚፈላና ከውኃ የሚቀልል ፈሳሽ ይሰጣል ብሎ ነበር።

ቪንክለር በ1887 የጀርማንየምን ክሎራይድ ከዚንክ ኤቲል ጋር አዋሕዶ ፈሳሹን ሠራ። ቀለም የለውም፤ ከውኃ በጥቂቱ ይቀልላል፤ የፈላውም በ160 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዛሬ ሲለካ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል። ትንቢቱ ደረሰ፤ ጀርማንየምም ከካርቦን ጋር መተሳሰር እንደሚችል የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ቅርጹን ለመረዳት በሦስት ጉልቻ ላይ አራተኛ ድንጋይ እንደ ተጫነ አስቡ። የጀርማንየሙ አቶም በአራቱ መካከል፣ ከሁሉም እኩል ርቆ ይቀመጣል። በየማዕዘኑ ያለው ኤቲል ሁለት ካርቦንና አምስት ሃይድሮጂን ይዟል፤ በድምሩ 8 ካርቦንና 20 ሃይድሮጂን ይሆናል።

ዛሬ በግልገል በለስ ያለ ተማሪ ሠንጠረዡን ሲገልጥ ጀርማንየምን በሲሊኮንና በቆርቆሮ መካከል ያገኘዋል። ቪንክለር 7ቱን እጅ የሚዛን ስሕተት ነው ብሎ ቢያልፈው ኖሮ፣ ያ ቦታ ገና ብዙ ዘመን ባዶውን በቆየ ነበር። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ሒሳብ አልገጥም ባለህ ጊዜ ቁጥሩን ለማስተካከል አትቸኩል፤ ጉድለቱ ራሱ የሚናገረው ነገር ይኖረዋልና።