«ሚኒስትር» የሚባለው አሽከር

«ሚኒስትር» ዛሬ አጃቢና መኪና የሚያስከትል ማዕረግ ይሁን እንጂ በላቲን አሽከር፣ አገልጋይ ማለት ነበር። ሥሩ «ሚኑስ» ነው፤ ያነሰ ማለት። በአንጻሩ የቆመው «ማጊስቴር» ደግሞ «ማጊስ»፣ የበለጠ፣ ከሚለው ወጥቶ አለቃና መምህር ሆነ።

ይህ የታናሽና ታላቅ ነገር በብራዚሉ ፕሬዚዳንት በዡሴሊኖ ኩቢቼክ (እ.ኤ.አ. 1956–1961) ዘመን ተገላበጠ። ኩቢቼክ በ1955 ምርጫውን ቢያሸንፉም ቃለ መሐላ እንዳይፈጽሙ የሚያሤር ወገን ነበር። የጦር ሚኒስትሩ ጄኔራል ሎት ቢሯቸውን ሊያስረክቡ አንድ ሐሙስ ሲቀራቸው ኖቬምበር 11 ቀን ጦር አንቀሳቅሰው ሤራውን አከሸፉት። ኩቢቼክም ሥልጣን ሲይዙ በዚያው ወንበር አቆዩአቸው፤ ምን ምርጫ ነበራቸው? ጌታውን ያነገሠ አሽከር በቀላሉ አይሰናበትም።

እኛ ሰውየውን «ሚኒስትር»፣ መሥሪያ ቤቱን «ሚኒስቴር» እንላለን። በብራዚል ፖርቱጋልኛ ግን «ሚኒስቴሪዮ» መሥሪያ ቤቱም ነው፣ የሚኒስትሮቹ ስብስብም ነው። «ጋቢኔቺ» የሚሉት፣ የእኛ «ካቢኔ» ዘመድ፣ በአብዛኛው የሚኒስትሩ የራሱ ጽሕፈት ቤት ነው። መነሻው ትንሽ የግል ክፍል ስለሆነ ከሥሩ ብዙም አልራቀም። ጣሊያኖች ዘንድ ያው ቃል መጸዳጃ ቤት እስከመሆን ደርሷል፤ የሹፌሩ «ጋቢና»ም የቅርብ ዘመዱ ሳይሆን አይቀርም።

ኩቢቼክ ለሚኒስቴሮቻቸው በአዲሲቱ ዋና ከተማ በብራዚሊያ ሰፊ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ በአርክቴክቱ በኒማየር ንድፍ፣ ቁርጥ አንድ የሆኑ ሕንፃዎች አሠሩላቸው። ከተማዋ በ1960 ተመረቀች። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በእኛ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ብራዚልን ሲጎበኙ አዲስ አበባ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ፤ የእሳቸው ሚኒስትሮች በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ነበር።

ከሁሉ የሚጥመኝ ግን «ፓስታ» ነው። አዎ፣ ያው የምንበላው። ቃሉ ከግሪክ ተነስቶ በላቲን ሊጥ ሆነ፤ ከሊጥ ወደ ሙጫ፣ ወረቀት በሙጫ ተደራርቦ ወደሚሠራው ካርቶን፣ ከዚያም ሰነድ ወደሚያዝበት አቃፊና ቦርሳ ተሻገረ። በመጨረሻም ሥልጣኑ ራሱ በቦርሳው ስም ተጠራ። መሥሪያ ቤት ያልተሰጠው ሚኒስትር በብራዚል «ፓስታ የሌለው ሚኒስትር» ነው። በኩቢቼክ ዘመን እጅ ያቃጠለችው የገንዘብ ፓስታ ነበረች፤ ብራዚሊያ እየተገነባች፣ ዋጋ እየናረ፣ ከአልክሚን ወደ ሉካስ ሎፔስ፣ ከሎፔስ ወደ ፓይስ ዴ አልሜይዳ ዞረች።