ሴሮፕሪቫለንስ፦ የደም አሻራ ምጣኔ

በይርጋጨፌ ወረዳ ያለችው ኮንጋ እሸት ቡና ሲቀላ ሰው ይበዛባታል። ለቃሚው፣ ተሸካሚው፣ ማድረቂያ አልጋው ላይ ቡና የሚያበጥረው ሁሉ አብሮ ይውላል፤ ውኃውንም፣ መጸዳጃውንም፣ ምሳውንም ይጋራል። በዚህ ወቅት አንድ ጎልማሳ ቢያስመልሰውና ቢያስቀምጠው ፌጦ በሎሚ ይጠጣል፣ ሁለት ቀን ይተኛል፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራው ይመለሳል። ጤና ጣቢያ ስላልሄደ ሕመሙ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የጤና ጣቢያ መዝገብ ብቻ የሚያነብ ሰው የሆድ ቫይረስ የሕፃናት ችግር ብቻ ሊመስለው ይችላል።

መዝገቡ የሳተውን የሚያሳይ መለኪያ ሴሮፕሪቫለንስ ይባላል። ትርጉሙ፦ ከተመረመሩ ሰዎች መካከል የአንድ ተህዋሲ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) በደማቸው የተገኘባቸው ስንት በመቶ ናቸው የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ «የደም አሻራ ምጣኔ» ይለዋል። «አሻራ» የተባለው ቫይረሱ ራሱ ከሰውነት ከወጣ በኋላም የሚቀር ምልክት ስለሆነ ነው፤ «ምጣኔ» ደግሞ እንደ ውልደት ምጣኔ ሁሉ የአንድን ሰው ሳይሆን የሕዝብን ሁኔታ የሚናገር ቁጥር በመሆኑ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከክንድ የተቀዳው ደም እስኪረጋ ይቆያል፣ ከዚያም በማሽን ተሽከርክሮ ሴረም የሚባለው ጠራ ያለ ፈሳሽ ይለያል። ሴረሙ የቫይረሱ ፕሮቲን በተለጠፈበት ሳህን ላይ ይደረጋል። ፀረ እንግዳ አካሉ ካለ ፕሮቲኑን ይይዛል፤ በኋላ የሚጨመረው ንጥረ ነገርም ቀለም ያወጣል። ቀለሙ በደመቀ ቁጥር የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን ብዙ ነው። ይህ ዘዴ ኤላይዛ ይባላል። አይጂኤም የተባለው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ቀድሞ መጥቶ ቶሎ ይቀንሳል፤ አይጂጂ ግን ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ያለፈን ኢንፌክሽን ለመለካት ተመራጭ ነው።

የሆድ ቫይረሶች ታሪክም ከፀረ እንግዳ አካል ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኖርዎክ ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎችና መምህራን በትውከትና በተቅማጥ ታመሙ። መንስኤው እስከ 1972 አልታየም። ያን ዓመት ተመራማሪው አልበርት ካፒኪያን ከበሽታው ያገገመ ሰው ሴረም ከሰገራ ናሙና ጋር ቀላቀሉ። ፀረ እንግዳ አካላቱ ጥቃቅኖቹን ቫይረሶች አንድ ላይ ሲያሰባስቧቸው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታዩ። ዛሬ ኖሮቫይረስ የምንለው ይህንኑ ነው።

በእኛም አገር የደም አሻራ ምጣኔ ጥቅሙን አሳይቷል። በኮቪድ ጊዜ በተደረገ ጥናት፣ በአዲስ አበባ ከተመረመሩ የሆስፒታል ሠራተኞች መካከል ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 ላይ 10.9 በመቶ ነበሩ፤ በየካቲት 2021 ግን 53.7 በመቶ ደርሰዋል። በጅማም ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ከ30.8 ወደ 56.1 በመቶ አድጓል። ቫይረሱ ምን ያህል እንደተዛመተ የተናገረው ደማቸው ነው።

ይህን ለኮንጋ ጎልማሶች እናምጣው። ከሆድ ቫይረሶች አንዱ በሆነው በሮታቫይረስ እንጀምር። ክትባቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ጎልማሳ የሆነ ሰው በሕፃንነቱ አልተከተበም ማለት ነው፤ ስለዚህ በደሙ የሚገኘው የሮታቫይረስ አሻራ ከኢንፌክሽን የመጣ ነው። በልጆች ላይ ግን ምርመራው ክትባቱንና ኢንፌክሽኑን በቀላሉ አይለይም።

ኖሮቫይረስ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዓለም ዙሪያ አብዛኛው ጎልማሳ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ስለተያዘ ምጣኔው ብዙ ጊዜ ወደ መቶ በመቶ ይጠጋል። «ሁሉም ተይዞ ያውቃል» ማለት ደግሞ ለጤና ሠራተኛ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ሦስት ነገር ማየት ነው፦ አሻራው በስንት ዓመት ዕድሜ መታየት እንደሚጀምር፣ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን፣ እና የመጠኑ ለውጥ። ከአንድ ሰው ቡና ከመለቀሙ በፊት አንድ ናሙና፣ ለቀማው ካበቃ በኋላ ሌላ ናሙና ቢወሰድና መጠኑ አራት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ቢያድግ፣ በመሀል አዲስ ኢንፌክሽን እንደነበረ ያመለክታል። ሰውየው ሕመሙን ባያስታውስም፣ ጭራሽ ባይታመምም እንኳ ለውጡ ይታያል።

ሁለት ስሕተቶችን ግን መጠንቀቅ ያሻል። የመጀመሪያው፣ አሻራ ያለው ሁሉ ከበሽታው የተጠበቀ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ኖሮቫይረስ ብዙ ዝርያ ስላለው ቀድሞ የተያዘ ሰው በሌላ ዝርያ እንደገና ሊታመም ይችላል። ሁለተኛው፣ አሻራ የሌለው ሰው ቫይረሱ አጠገቡ አልደረሰም ብሎ ማሰብ ነው። ኤፍዩቲ2 የሚባለው ዘረመል የማይሠራላቸው ሰዎች አንጀታቸው ለብዙዎቹ የኖሮቫይረስ ዝርያዎች መያዣ የለውም፤ የተበከለውን ውኃ ጠጥተውም ላይያዙ ይችላሉ። ስለዚህ የአሻራ አለመኖር የውኃው ንጽሕና ማስረጃ አይደለም።

የእንዲህ ያለው ጥናት ውጤት ደም ለሰጡት ሰዎች መመለስ አለበት። እናቶችና አባቶች ክንዳቸውን የሚዘረጉት በፈቃዳቸው፣ ለምን እንደሆነ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በጌዴኦኛም ጭምር ተነግሯቸው ሊሆን ይገባል። በለቀማው ወራት የአሻራው መጠን ከጨመረ ቀጣዩ ሥራ ግልጽ ነው፦ በየቡና ማጠቢያ ጣቢያው ንጹሕ የመጠጥ ውኃ፣ በቂ መጸዳጃ ቤት፣ ሳሙናና የእጅ መታጠቢያ። የአልኮል ማጽጃ ኖሮቫይረስን በደንብ ስለማያጠፋ ሳሙናና ውኃን አይተካም። የታመመ ሠራተኛም የቀን ክፍያውን ሳያጣ ማረፍ፣ ሕመሙ ከቆመ በኋላም ቢያንስ ለሁለት ቀን ምግብ ከማዘጋጀት መራቅ አለበት።