የመስጊዱ ቃሬዛ

የነጃሺን ታሪክ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬ አላምንም። በሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም ምድር መጡ፤ ክርስቲያኑ ንጉሥም ተቀበላቸው፤ አሳልፌ አልሰጥም አለ። በየስብሰባው ይነገራል፤ ባለሥልጣኑም፣ ቄሱም፣ ሼኹም ያነሱታል። ጥሩ ታሪክ ነው። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ አስተናጋጁ ክርስቲያን፣ እንግዳው ሙስሊም ነው። ከዚያ ወዲህ ባለፉት አሥራ አራት መቶ ዓመታት ነገሩ ተገልብጦ አያውቅም? የመስጊድ ጓሮ ለክርስቲያን መጠጊያ ሆኖ አያውቅም? ሆኗል። እኔ ሁሩሙ ላይ አይቻለሁ።

ሁሩሙ ከበደሌ ወደ መቱ ሲኬድ፣ ያዩን አልፎ መቱ ሳይደረስ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ደን ነው፤ ቡናው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር በራሱ የሚበቅል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የያዩ የቡና ደን ሁሩሙንም ይጨምራል። ለታሪካችን የሚጠቅመው ግን ቡናው ራሱ ሳይሆን ቡናውን የተሸከመው ሰው ነው። ከሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎና በሰው ጀርባ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር፤ ከዚያ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም። ከሲራራ ነጋዴው ብዙው ሙስሊም ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በጊቤ መንግሥታት እስልምና የተስፋፋውም ከነጋዴው ጋር ተጉዞ ነው። የነጋዴ ሃይማኖት ደግሞ ማደሪያ ያጣን መንገደኛ ችግር ያውቃል። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ መንገደኛ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ወደ ሁሩሙ ያመጣን የመንግሥት ደብዳቤ ነው። በ1977 ክረምት መግቢያ ላይ እኔ ገና ልጅ ነኝ። ከወሎ የመጡት ሰዎች በጭነት መኪና ሲራገፉ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሆነን እናያለን። ድርቁን ከሬዲዮ ሰምተናል፤ ሰዎቹን ግን ያየናቸው ያኔ ነው።

ስለዚያ ሰፈራ ብዙ ተጽፏል። ደርግ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለማስፈር አቅዶ ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ አስፍሯል፤ ከግማሽ የሚበልጠው የወሎ ሰው ነው። ሰፈራው ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ «መደበኛ» የሚባለው፣ ትራክተር የገባበት። ሌላው «ስግሰጋ»፤ ሰፋሪው በነባሩ ገበሬ መካከል የሚሰገሰግበት። ቃሉ ራሱ ጆንያ ውስጥ በቆሎ የሚጠቀጥቁ ያስመስላል። ኢሉባቦር በብዛት የደረሰው ይኸኛው ነው። የየገበሬ ማኅበሩ አባል ጎጆ እንዲሠራ፣ እህል እንዲያዋጣ፣ በሬውን እንዲያውስ ታዘዘ። ስንት ጎጆ ተሠራ፣ ስንት ኩንታል ተዋጣ የሚለው በየመዝገቡ ሰፍሯል። ያልሰፈረው ከትእዛዝ ውጪ የተደረገው ነው።

ከትእዛዝ ውጪ የተደረገው ደግሞ እንዲህ ነበር። የወሎ ሰው ጎደሬ አያውቅም። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮን እንደሚያሳክክ ማን ይንገረው? በጥሬው ሞክረው ልጆቻቸው አፋቸውን ይዘው ያለቀሱ ነበሩ። ያን ሰሞን የመስጊዱ ሰዎች ግቢው ውስጥ ጉልቻ ተከሉ። ሴቶቹ ጎደሬ ይቀቅላሉ፣ የበቆሎ ንፍሮ ያወጣሉ፣ አቀቃቀሉንም ለሰፋሪዎቹ ሴቶች ያሳያሉ። እናቴም ከእነሱ ጋር ትውል ነበር። ሥጋ አልነበረበትም፤ ስለዚህ የማን እጅ ባረከው የሚል ጥያቄ አልተነሳም። ማተብ ያሰረውም ያላሰረውም ከአንድ ድስት በላ። ሼኹ በኦሮምኛ ይናገራሉ፣ ሰፋሪው በአማርኛ ይመልሳል፤ ሁለቱም የሚጋሩት «አብሽር» የምትለዋን ቃል ነበር።

ሼኹ ይህን ያደረጉት እንዲያው በደግነት ብቻ ነው ብል እበድላቸዋለሁ። የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ሕጉን ያውቃሉ። ዘካ ልኩ የተቆረጠ ግዴታ ነው፤ በዝናብ ከበቀለ እህል አንድ አሥረኛ ይወጣል፤ እንደ ብዙዎቹ ሊቃውንት አስተያየት የሚሰጠውም ለሙስሊም ነው። ሰደቃ ግን ልክም ድንበርም የለውም፤ ለማንም ይሰጣል። አባቴ ለነገሩ ሆን ብሎ ጠይቋቸው ነበርና የመለሱለትን እስኪሞት ይደግመው ነበር፦ «ጋሼ መምህር፣ የዘካውን ሒሳብ አላህ ይይዘዋል፣ የሰደቃውን ድስት እኔ እይዘዋለሁ።» የኔ አባት ሒሳብ አስተማሪ ስለሆነ ነው መሰለኝ አባባሉ እጅግ ደስ ይለው ነበር።

ከድስቱ በላይ ግን በልቤ የቀረው ቃሬዛው ነው። ወባው ብዙ ሰው ጣለ። ወሎዬው በአገሩ «ቅሬ» የሚለው የቀብር ማኅበር ነበረው፤ ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይለይ አብሮ የሚቆፍርበት። እዚህ ግን ቅሬ የለው፣ ዘመድ የለው። አንዲት ክርስቲያን እናት ሞተች፤ ባሏ ራሱ በወባ ተኝቷል። የመስጊዱን ቃሬዛ ያወጡት ወጣቶች ናቸው፤ ከጎጆዋ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዷት። መቃብሩንም እነሱ ቆፈሩ፤ ፍትሐቱ ሲጀመር ከቅጥሩ ወጥተው ውጭ ቆሙ። በእስልምና ሙት መቅበር የኅብረተሰቡ የጋራ ግዴታ ነው፤ ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው ይወርዳል፤ ማንም ካልፈጸመው ሁሉም ይጠየቃል። ግዴታው ለሙስሊም ሙት ነው። ክርስቲያኗን የቀበሩት ግን ምንም ግዴታ ሳይኖርባቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ይህን ሁሉ ያደረገው ሕዝብ ራሱ በሕግ ፊት ብዙ ዘመን እንደ እንግዳ የኖረ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ፣ ክርስቲያኖችም ተቀላቅለውበት፣ የሙስሊሙ እኩልነት ይከበር ብሎ የወጣው ለዚህ ነው። የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል የሆኑት በ1967 ነው። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በራሱ አዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው ደግሞ በ2012 ነው። በሁሩሙ ቃሬዛው ሲወጣ ያ አዋጅ ገና ሰላሳ አምስት ዓመት ይቀረው ነበር።

ከ1983 በኋላ ከሰፋሪው ብዙው ወደ ወሎ ተመለሰ፤ የቀረውም አለ። የኛ ቤት አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ 1999 መጣ። በመስከረምና በጥቅምት፣ ያኔ በኢሉባቦር ሥር በነበረችው ደምቢና በጅማ ዞን በአጋሮ አካባቢ፣ ሰዎች በሃይማኖታቸው ሳቢያ ተገደሉ፤ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሺዎች ተፈናቀሉ። ደምቢ ለኛ ሩቅ አይደለችም። በሁሩሙ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ጀመር። ለዓመታት ቡና የተጠራሩ ጎረቤቶች በራቸውን በጊዜ ዘጉ። ሰላምታው እንኳ አጠረ። ማንም ማንንም አልነካም፤ ግን ሁሉም የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስል ነበር።

በዚያው ኅዳር አባቴ አረፈ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከሐዘኑ ይልቅ ያን ሌሊት ያስጨነቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። ይመጣሉ ወይስ አይመጡም? እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ «ልጆቹን ላክባቸው ወይ?» አለችኝ። እኔም «አይሆንም፣ ካልመጡ ይቅር» አልኳት። ዛሬ ላይ ሳስበው አፍሬበታለሁ። ሼኹ ከሞቱ ቆይተዋል፤ አሁን ያሉት ልጆቻቸው ናቸው፤ ልጅ አባቱን ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ?

ሊነጋጋ ሲል ከሱብሂ ሶላት በኋላ ውሻው ጮኸ። በሩን ስከፍት ስምንት ሰዎች ናቸው። ነጠላቸውን ተከናንበዋል፤ ከፊሎቹ ዶማና አካፋ ይዘዋል፤ አራቱ ደግሞ ያንኑ ቃሬዛ። እንጨቱ ተቀይሯል፤ ጠፍሩ አዲስ ነው። ትልቁ የሼኹ ልጅ ምንም ሐተታ ሳያበዛ «እማማ የት ናቸው?» ብሎ ወደ እናቴ አለፈ።

አባቴን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ እነሱ ተሸከሙት። በሩ ላይ ቆሙ፤ ቃሬዛውንም ለኛ ለልጆቹ አቀበሉን። ከቀብር ስንመለስ እዚያው አጥሩ ሥር ተቀምጠው እየጠበቁን ነበር፤ ባዶውን ቃሬዛ ተቀብለው አብረውን ወደ ቤት ገቡ።