የነገሌው ጉድጓድ፦ ሥልጣን፣ መታዘዝና የኅሊና ምርጫ

በመድረኮቻችን ላይ ስለ ሥልጣን ስንናገር ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ከሮሜ 13 ነው። ዛሬ ግን ከአንድ የውሃ ጉድጓድ እንድንጀምር እጋብዛችኋለሁ። ጉድጓዱ በደቡብ ቆላ፣ በነገሌ ቦረና የነበረ ነው። ታሪኩን የታሪክ መጻሕፍት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። መንጋ ለሚጠብቅ ሰው ግን ከዚያ በላይ ቆም ብሎ ሊያየው የሚገባ ይመስለኛል።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሰፈረው የ4ኛ ክፍለ ጦር ብርጌድ ወታደሮችና የበታች ሹማምንት በአለቆቻቸው ላይ ተነሥተው መኮንኖቹን በቁጥጥር ሥር አዋሉ። ያነሣሣቸው የፖለቲካ ፕሮግራም አልነበረም። ምግቡ የማይበላ፣ ውሃው የማይጠጣ ሆኖባቸው ነበር። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ድረሴ ዱባለም ተያዙ፤ ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታው እንደሚታይ ቃል ገቡ። ወሬው ግን በጦሩ የሬዲዮ መገናኛ ወደ ሌሎች ክፍሎች ደርሶ ነበር። በየካቲት የደብረ ዘይት አየር ኃይልና በአስመራ የነበረው 2ኛ ክፍለ ጦር ተከተሉ። የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ነገሌ ብቻውን አብዮቱን አመጣ አልልም። የወሎ ረሃብ፣ የተማሪው ጥያቄ፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ፣ የነዳጅ ዋጋ ሁሉም ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን የማይነቃነቅ ይመስል የነበረው ሥልጣን በወታደሩ ልብ ውስጥ የተሰነጠቀው በጉድጓድ አፍ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። ሰው ብዙ መከራ ይችላል። አዛዡ አብሮት ሲጠማ ጥማቱንም ይችለዋል። አዛዡ ጠጥቶ እርሱን ሲከለክለው ግን በመካከላቸው የነበረው ነገር ይሞታል።

ሰው ለምን ይታዘዛል?

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስታንሊ ሚልግራም ስለ መታዘዝ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። ሙከራዎቹን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 በዬል ዩኒቨርሲቲ ነበር። ተራ ሰዎች በአንድ ተመራማሪ ትእዛዝ ሌላውን ሰው በኤሌክትሪክ የሚቀጡ መስሏቸው ማብሪያውን ደረጃ በደረጃ ከፍ ያደርጉ ነበር። ኤሌክትሪኩ እውነተኛ አልነበረም፤ እነርሱ ግን ይህን አያውቁም። ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው፣ እስከ 450 ቮልት ደረሱ። ብዙዎቹ ላብ አጠመቃቸው፣ ተንቀጠቀጡ፤ ቢሆንም አላቆሙም። በሌላ ዙር ግን አብረዋቸው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች “አንቀጥልም” ብለው ሲነሡ፣ ከ40ው እስከ መጨረሻው የሄዱት 4 ብቻ ነበሩ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ትእዛዝ ከላይ ሲመጣ ኅሊናችን እናስበው ከነበረው በላይ ደካማ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው “አይሆንም” ሲል አጠገቡ ያለው ሰው ኅሊና ይነቃል። የነገሌ ወታደሮች አንድ በአንድ ለየብቻ ቢያጉረመርሙ ኖሮ ዝም ይሰኙ ነበር። አብረው ስለ ቆሙ ግን ጄኔራሉም ውሃቸውን ቀመሰ።

ሮብዓም፣ ኢዮርብዓም፣ ዳዊት

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ልብ ከሚልግራም በፊት ያውቀዋል። በሴኬም የተሰበሰበው ሕዝብ የለመነው ቀንበሩ እንዲቀልለት ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሮብዓምን ለሕዝቡ አገልጋይ እንዲሆን መከሩት፤ እርሱ ግን የአብሮ አደጎቹን ምክር መርጦ ቀንበሩን እንደሚያከብድ ተናገረ። አሥሩ ነገድ ጥለውት ሄዱ (1ኛ ነገ. 12፥1–20)። ብዙ ጊዜ ስብከታችን እዚህ ላይ ያበቃል። ምዕራፉ ግን አላበቃም። ከሮብዓም ቀንበር ያመለጠው ያ ሕዝብ ጥቂት ቆይቶ ኢዮርብዓም ባቆማቸው የወርቅ ጥጆች ፊት ሰገደ። ለአንዱ ጌታ “እምቢ” ማለት ለሚቀጥለው “እሺ” ከማለት አላዳነውም።

የእኛም ታሪክ እንዲሁ ሆነ። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ ሰዎች በአዲስ አበባ በ4ኛ ክፍለ ጦር መምሪያ ተሰብስበው ደርግን አቋቋሙ። “ያለ ደም” የተባለው ለውጥ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ ከዚያም ቀይ ሽብር ተከተለ። የነገሌ ወታደሮች ገዳዮች ሆኑ ማለቴ አይደለም። አቤቱታቸው ትክክል ነበር። የምለው ይህን ነው፦ ቁጣ ቀንበር ይሰብራል፤ ኅሊናን ግን አይሠራም። ሲታዘዝ የኖረ ልብ አለቃው ሲወድቅ ነጻ አይወጣም፤ ሌላ አለቃ ይፈልጋል።

ከሁለቱም ነገሥታት በፊት ግን አንድ ሌላ ንጉሥ በውሃ ተፈትኖ ነበር። ዳዊት በዋሻ ሳለ የቤተ ልሔም ጉድጓድ ውሃ አማረው። ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን ውሃውን የሰዎቹ ደም አድርጎ ቆጠረው፤ ሳይጠጣው ለእግዚአብሔር አፈሰሰው (2ኛ ሳሙ. 23፥13–17)። ከሰዎቹ ነፍስ በላይ ጥማቱን አላስቀደመም።

የነገሌ ጎረቤት የሆነው የቦረና ሕዝብም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጥበብ አለው። በጥልቅ ኤላዎቹ ላይ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ ውሃውን በቅብብል ያወጣሉ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራውን የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አለ። አባ ገዳም በየስምንት ዓመቱ ሥልጣኑን ያስረክባል፤ የጉሚ ገዮ ጉባኤም ከእርሱ በላይ ነው። ዩኔስኮ ገዳን እ.ኤ.አ. በ2016 በሰው ልጆች የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዘገበ። ይህን የማነሣው ሥርዓቱን ከወንጌል ጋር ላስተካክል አይደለም። በውሃ እጥረት ውስጥ የኖረ ሕዝብ ሥልጣን ገደብ እንደሚያስፈልገው ማወቁን ለማሳየት ነው።

የእኛ ጀሪካን

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በድርቅ ወቅት በአንድ የቆላ ከተማ ስለ አገልጋይ መሪነት ለሦስት ቀን አስተምር ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁለት ጀሪካን ውሃ በሬ ላይ ይቀመጥልኛል። ገላዬን ታጥቤ፣ ሸሚዜንም አጥቤ ወደ መድረክ እወጣለሁ። በሦስተኛው ቀን ያሳረፈችኝ እናት ልጆቿን በእርጥብ ጨርቅ ስታብስ አየሁ። የምታጠብበት ውሃ የቤቱ የቀን ድርሻ ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የነገሌ መኮንኖች ወታደሩን በትእዛዝ ከለከሉት። እኔን ግን ትእዛዝ መስጠት እንኳ አላስፈለገኝም፤ የሰዎቹ ይሉኝታ ሥራውን ሠራልኝ።

ወንድሞችና እህቶች፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው ሥልጣን አደገኛ የሚሆነው በዚህ ነው። ምእመናን ያከብሩናል፤ ስለሚያከብሩንም ጥማታቸውን ይደብቁናል። ማንን እንደሚያገቡ፣ የትኛውን ሥራ እንደሚይዙ “ጌታ ምን ይላል?” ብለው ወደ እኛ ይመጣሉ። በእግዚአብሔር ስም መልስ መስጠት ይቀላል። ኅሊናቸው በቃሉ እንዲሠራ መርዳት ግን ጊዜ ይወስዳል። ጳውሎስ ያስተማረውን እንኳ በየዕለቱ መጻሕፍትን እየመረመሩ ያጣሩትን የቤርያ ሰዎች ሉቃስ ያመሰግናቸዋል (የሐዋ. 17፥11)። ጴጥሮስም ሽማግሌዎችን በመንጋው ላይ እንዳይገዙ፣ ይልቁንም ምሳሌ እንዲሆኑ ያዝዛል (1ኛ ጴጥ. 5፥3)።

እንዲህ የተሠራ ኅሊና ምን እንደሚመስል አይተናል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፤ ከመንጋቸው መለየትን ግን አልመረጡም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። የእርሳቸው “እምቢታ” ከጥማት ወይም ከቁጣ የመጣ አልነበረም። አስቀድሞ ለአንድ ጌታ የተሰጠ “እሺታ” ነበር፤ ስለዚህም ጌታ በተለወጠ ቁጥር አልተለወጠም።

እንግዲህ ሁለት ሥራ አለብን። ሕዝባችን ከሚጠጣው መጠጣት አንዱ ነው፤ ለእኛም ጭምር “አይሆንም” ማለት የሚችል ሕዝብ ማሳደግ ሌላው ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ካደረግን የተወደድን አለቆች እንሆናለን፤ ስንሄድ መንጋው ለሚቀጥለው ጥጃ ይሰግዳል። በዚህ ሳምንት በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ አንሡ፦ በጉባኤያችን ውስጥ መሪን በግልጽ ተቃውሞ፣ ከዚያም በኋላ ተከብሮ የኖረ ሰው ማን ነው? ስም ካልመጣላችሁ ዝምታውን ሰላም ብላችሁ አትቁጠሩት። እስከ ጥር 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ድረስ ነገሌም ጸጥ ያለ ሰፈር ነበር።